እሳቱ የት ገባ?

ደብረ ብርሃን፤ ጓሮ ያለች የአረቄ ማውጫ ጎጆ። ጉልቻው ላይ 40 ሊትር ድፍድፍ የያዘ ማሰሮ ተጥዷል። ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ተመርጓል። ከክዳኑ የወጣው ቱቦ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ አልፎ ከግርጌው በተቀመጠ ጠርሙስ ላይ ይንጠባጠባል። ተነጋጋሪዎቹ አረቄ እያወጡ ልጆቻቸውን ለቁም ነገር ያበቁት እትዬና ፊዚክስ አስተማሪ የሆነው የእህታቸው ልጅ ናቸው።

እትዬ፦ እንኳን መጣህ ልጄ። አንተ የተማርክ ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድፍድፉ እስኪፈላ ድረስ ማገዶ ቢፈጅ አይገርመኝም፤ የዚህን አገር ብርድ ታውቀዋለህ። የሚገርመኝ ከፈላ በኋላ ያለው ነው። አንዴ ፈልቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ሊሆን ነው? ግን እሳቱን ትንሽ ቀነስ ካደረግሁት ጠብታው ቀጥ ይላል። የፈላ ነገር ምን ጎድሎት ነው ፍልጥ አምጪ የሚለኝ?

መምህሩ፦ ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጠይቁኝ ምንኛ በወደድኩ! እነሱ ጥያቄያቸው ሁሉ «ይህ ለፈተና ይመጣል ወይ?» ነው። ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር አብረን እንይ። ቴርሞሜትር ይዣለሁ። እስቲ በትንሽ ድስት ንጹሕ ውሃ ከሰሉ ላይ ይጣዱልኝ።

እትዬ፦ ድፍድፉ እያለልህ ለምን ውሃ?

መምህሩ፦ ድፍድፍ ድብልቅ ነው፤ ጠባዩ ይለያል። ወደ እሱ ኋላ እንመጣለን። ውሃው ከጀሪካን ሲቀዳ 15 ድግሪ ነበር። አሁን 40 ሆኗል። አሁን 70… 85…

እትዬ፦ ይኸው ተንተከተከ።

መምህሩ፦ ስንት ይላል?

እትዬ፦ ቆይ መነጽሬን ላድርግ። ዘጠናን ትንሽ አልፏል።

መምህሩ፦ አሁን ከሰል ይጨምሩበትና በደንብ ያራግቡት።

እትዬ፦ ጨመርኩ፤ አራገብኩም። ውሃው ከድስቱ ሊወጣ ደርሷል፤ ያንተ ዕቃ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ተበላሽቶ እንዳይሆን?

መምህሩ፦ ደህና ነው። እሳቱን እጥፍ ቢያደርጉት ውሃው ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ ከዚህ በላይ አይሞቅም። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ቴርሞሜትሩ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።

እትዬ፦ ታዲያ እሳቱ የት ገባ? ከሰሉ ሲያልቅ በዓይኔ እያየሁ ነው። የበላውን የሚያሳይ ነገር ግን የለም።

መምህሩ፦ እሳት ለውሃ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ቴርሞሜትር የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። ውሃ ሞለኪውል ከሚባሉ፣ በዓይን ከማይታዩ ደቃቅ ነገሮች የተሠራ ነው። አንድም ጊዜ አርፈው አያውቁም፤ እርስ በርሳቸውም ይሳሳባሉ። በረዶ ሲሆኑ መሳሳቡ ይበረታል፤ እያንዳንዱ ቦታውን ይዞ ባለበት ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው በረዶ ጠጣር የሆነው፤ ቅርጹን አይለቅም። ውሃ ሲሆኑ እንደተጠጋጉ ናቸው፤ ግን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ፈሳሽ የተቀዳበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል። እንፋሎት ሲሆኑ ግን መሳሳቡ ተሸንፏል፤ ተለያይተው በየፊናቸው ይበራሉ፣ ያገኙትን ቦታ ሁሉ ይሞላሉ። ይህ ጋዝ ነው።

እትዬ፦ ሦስቱም ያው ውሃ ነው?

መምህሩ፦ ያው ነው። በረዶውም ውሃውም እንፋሎቱም አንድ ዓይነት ሞለኪውል ነው፤ የተለወጠው አያያዛቸው ብቻ ነው። የድፍድፉ ነገር ግን ሌላ ነው። እዚያ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ለውጦታል፤ ተመልሶ ስኳር አይሆንም። አረቄውን የሠራው እርሾው ነው። ምድጃው ያንን የተሠራ ነገር ከውሃውና ከአተላው ይለያል እንጂ አዲስ ነገር አይፈጥርም።

እትዬ፦ እሺ፤ ሁለቱን የእሳት ሥራዎች ንገረኝ።

መምህሩ፦ አንደኛው ሞለኪውሎቹን ማፋጠን ነው። በአማካይ በፈጠኑ ቁጥር ቴርሞሜትሩ ይወጣል፤ ከ15 እስከ 90 ድግሪ ሲወጣ ያየነው እሱን ነው። ሁለተኛው ማላቀቅ ነው። አንድ ሞለኪውል ከጎረቤቶቹ ተላቆ ወደ አየር ለመውጣት ጉልበት ይፈልጋል። ውሃው ሲፈላ እሳቱ የሚሰጠው ሁሉ ለዚህ ይውላል፤ ለማፋጠን የሚተርፍ የለም። ቴርሞሜትሩ የቆመው እሳቱ ሥራ ስለፈታ ሳይሆን ሥራውን ስለለወጠ ነው።

እትዬ፦ ማላቀቁ ያን ያህል ከባድ ነው?

መምህሩ፦ እንዲያውም ከማፋጠኑ ይበልጣል። አንድ ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 90 ድግሪ ለማድረስ 314 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ኪሎጁል የጉልበት መለኪያ ነው፤ ስሙ አያስጨንቅዎ፣ ቁጥሮቹን ብቻ ያወዳድሩ። ያንኑ አንድ ሊትር አፍልቶ ጨርሶ እንፋሎት ለማድረግ ደግሞ 2,280 ገደማ ይፈልጋል። ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሲበላ ቴርሞሜትሩ አንዲት መስመር አይንቀሳቀስም።

እትዬ፦ ሰባት እጥፍ! እኔ ደግሞ ማፍላቱ ዋናው ሥራ፣ ቀሪው ትርፍራፊ ይመስለኝ ነበር። ይህን የደረሰበት ማን ነው?

መምህሩ፦ ጆሴፍ ብላክ የሚባል ሐኪምና የኬሚስትሪ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1728 ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ከተማ ተወለደ፤ አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበሩ። ስኮትላንድ ውስጥ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በ1760ዎቹ መጀመሪያ ይህን ጉዳይ ያዘው። የተነሳው ከመፍላት ሳይሆን ከመቅለጥ ነው። በረዶ ዜሮ ድግሪ ላይ ሲደርስ ትንሽ ሙቀት ብቻ ቢጨመርበት ወዲያው ይቀልጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ብላክ ግን «እንዲያ ከሆነማ በየተራራው ላይ ያለው በረዶ የመጀመሪያው ሞቃት ቀን ሲመጣ ባንድ ጊዜ ቀልጦ አገሩን በጎርፍ ባጠፋው ነበር» ብሎ አሰበ። በረዶው ግን ለሳምንታት ቀስ እያለ ነው የሚቀልጠው።

እትዬ፦ ማሰቡስ ጥሩ፤ ለካው ወይ?

መምህሩ፦ ለካው እንጂ። ሁለት እኩል የብርጭቆ ሉሎች ወሰደ። በአንዱ በረዶ አደረገ፤ በሌላው ያንኑ ያህል ውሃ፣ ሊረጋ ጥቂት እስኪቀረው አቀዝቅዞ። ሁለቱንም 8 ድግሪ ገደማ በሆነ ሰፊ አዳራሽ ሰቀላቸው። ውሃው በግማሽ ሰዓት ውስጥ 4 ድግሪ ያህል ሞቀ። በረዶው ቀልጦ እዚያው ደረጃ ለመድረስ አሥር ሰዓት ተኩል ሙሉ ወሰደበት፤ 21 ጊዜ ግማሽ ሰዓት። የአዳራሹ አየር ለሁለቱም እኩል ነው። ስለዚህ በረዶው ያን ሁሉ ሰዓት ሙቀት ሲቀበል ነበር፤ ቴርሞሜትር ላይ ግን አልታየም። ብላክ ይህን «ስውር ሙቀት» ብሎ ጠራው። በዛሬው ልኬት አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ ብቻ 334 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ያው እሳት የቀለጠውን ውሃ ከዜሮ ወደ 80 ድግሪ ያደርሰው ነበር።

እትዬ፦ መፍላቱንስ?

መምህሩ፦ በቆርቆሮ ዕቃ ውሃ አድርጎ በቀላ የብረት ምድጃ ላይ ጣደው። ለመፍላት 4 ደቂቃ ፈጀ፤ ተንኖ ለማለቅ ደግሞ 20 ደቂቃ። እሳቱ ያው ነው፣ ምድጃው ያው ነው። ከ4 ደቂቃ በኋላ ያለው ሁሉ ለማላቀቅ የሄደ ነው። እርስዎ ማገዶ እየቆጠሩ ያገኙትን እሱ ሰዓት እየቆጠረ አገኘው።

እትዬ፦ ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር እኔም አውቃለሁ። ቅቤ ሲነጠር መጀመሪያ ይንጫጫል፣ አረፋ ያወጣል። በዚህ ጊዜ እሳቱ ትንሽ ቢበረታም አይነካውም። ጩኸቱ ጸጥ ካለ በኋላ ግን ዞር ብለህ ከመለስክ ቅቤው አርሮ፣ ቅመሙ ከስሎ ታገኘዋለህ።

መምህሩ፦ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሚንጫጫው ቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ እሳቱ ለሱ ይውላል፤ ስለዚህ ቅቤው ውሃ ከሚፈላበት እምብዛም አይርቅም። ውሃው ሲያልቅ እሳቱ የሚውልበት የማላቀቅ ሥራ የለውም፤ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ቅቤውም ያርራል። ጸጥታውን ሰምተው ድስቱን የሚያወርዱት ያለ ቴርሞሜትር ነው።

እትዬ፦ ቅድም ግን አንድ ነገር ሰምቼ ዝም አልኩ። የልጄ ልጅ ደብተር ላይ ውሃ በ100 ድግሪ ይፈላል ይላል። ይህ የኔው በ90 ፈላ። ማን ነው የተሳሳተ?

መምህሩ፦ ማንም። ደብተሩ የባሕር ጠረፍ ሰው ነው። ውሃ የሚፈላው ውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መግፋት ሲችል ነው። ምጽዋ ላይ አየሩ ሙሉ ሸክም ነው፤ 100 ድግሪ ይጠይቃል። ከፍ ባልን ቁጥር ከላይ የሚቀረው አየር ይቀንሳል፤ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ድግሪ ያህል ይቀነሳል። አዲስ አበባ 92 ገደማ ነው። እኛ ከ2,800 ሜትር በላይ ነን፤ 90ን አልፎ ትንሽ። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ድስት ቢጥዱ በ85 ገደማ ይንተከተካል።

እትዬ፦ ቶሎ ከፈላ ታዲያ ለኛ ጥቅም ነው።

መምህሩ፦ ለመፍላት እንጂ ለመብሰል አይደለም። ባቄላና ሽንብራ የሚበስሉት በሙቀቱ ነው፤ ውሃው ከ90 አልወጣም ካለ ንፍሮው ይዘገያል። ማገዶ ቢጨምሩም ዋጋ የለውም፤ ቅድም እንዳየነው ውሃውን ከማትነን በቀር። የሚያዋጣው እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ማድረግ ነው፤ ፕሬሸር ኩከር የሚሠራው ይህንን ነው፣ ውሃው ከ100 በላይ እንዲሞቅ ያስገድደዋል። ድሮ አገር የሚያጠኑ መንገደኞች ደግሞ ነገሩን ገልብጠው ይጠቀሙበት ነበር፤ ተራራ ላይ ውሃ አፍልተው ቴርሞሜትር በመንከር ከባሕር ምን ያህል ከፍ እንዳሉ ያሰላሉ።

እትዬ፦ አሁን ወደኔው ምድጃ ና። ይህችን የሊጥ ስንጥቅ አየሃት? ነጭ ጢስ ይወጣባታል።

መምህሩ፦ እጅዎን አያስጠጉ! ቀረብ ብለው ግን ይመልከቱ፤ ከስንጥቁ ጥግ ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ነጩ የሚጀምረው ጣት ያህል ርቆ ነው። እውነተኛው እንፋሎት ያ የማይታየው ነው። ነጩ ከቀዝቃዛው አየር ጋር ሲገናኝ እንደገና ፈሳሽ ሆኖ የረጋ ደቃቅ ጠብታ ነው፤ እንደ ደመና። አደገኛው የማይታየው ነው። የፈላ ውሃ ቆዳ ላይ ቢፈስ ያለውን ሙቀት ይሰጣል። እንፋሎት ግን ቆዳው ላይ ውሃ ሲሆን ለመላቀቅ የወሰደውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያራግፋል። ለዚህ ነው የእንፋሎት ቃጠሎ የሚከፋው።

እትዬ፦ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ ይመሰክራል። ሊጥ ልጨምርበት። ብለጥፈው ደግሞ አያፈነዳውም?

መምህሩ፦ ስንጥቁን መድፈን ችግር የለውም፤ ችግሩ ቱቦው ከተደፈነ ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ማሰሮውን ይሰብራል። ድፍድፉ ገንፍሎ ቱቦው ውስጥ እንዳይገባ ማሰሮውን እስከ አፉ አለመሙላት ይሻላል።

እትዬ፦ እሱንስ አውቃለሁ፤ ሩቡን ባዶ ነው የምተወው። እስቲ ስለ በርሜሉ ንገረኝ። በጣድኩ ቁጥር አራት ጀሪካን ውሃ እጨርሳለሁ። ቀዝቃዛ ሆኖ ይገባል፣ ልብስ የሚያጥብ ሆኖ ይወጣል። ስድስት ሊትር አረቄ ለማቀዝቀዝ ይህ ሁሉ ውሃ ለምን?

መምህሩ፦ እንፋሎቱ በቱቦው ሲያልፍ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሽ ሲሆን ለመላቀቅ የወሰደውን ጉልበት ምንም ሳያጎድል ይመልሳል። መልሶ የሚሰጠው ለማን ነው? ለበርሜሉ ውሃ።

እትዬ፦ ብድሩን ይከፍላል በለኛ።

መምህሩ፦ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም። እንዲያውም እናስላው። ስድስት ሊትሩ ተራ አረቄ በመቶ 45 ያህል አልኮል፣ ቀሪው ውሃ ነው እንበል። አልኮል ለመላቀቅ የሚጠይቀው ከውሃው ከግማሽ በታች ነው። ሁለቱን አቀላቅለን ስናሰላ አንድ ሊትሩ 1,600 ገደማ፣ ስድስቱ ወደ 10,000 ኪሎጁል ይመልሳሉ። ውሃዎ ሲገባ 15 ድግሪ፣ ሲወጣ 45 ድግሪ ቢሆን፣ አንድ ሊትር 125 ኪሎጁል ይሸከማል። 10,000ን ለ125 ሲያካፍሉ 80 ሊትር ይመጣል። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ነው።

እትዬ፦ አራት ጀሪካን!

መምህሩ፦ አራት ጀሪካን። ሌላም ነገር ይመልከቱ። 40 ሊትሩን ድፍድፍ ከብርዱ አንስቶ ለማፍላት ወደ 12,000 ኪሎጁል ይሄዳል። ከዚያ ውስጥ ስድስት ሊትር ብቻ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ሌላ 10,000። ለዚህ ነው ከፈላ በኋላም ፍልጥ የሚጠይቅዎ፤ ጥያቄዎ ይኸው ተመለሰ።

እትዬ፦ ይህን ፈረንጆቹም በአረቄ ነው የለኩት?

መምህሩ፦ ብላክ ራሱ በማውጫ ዕቃ ተጠቅሞ በማቀዝቀዣው ውሃ ውስጥ የሚገባውን ሙቀት ለክቷል። የሚገርመው ግን ጄምስ ዋት ነው። ዋት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ሠሪ ነበር። እንፋሎትን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነፋ፣ አንድ እጅ እንፋሎት ስድስት እጅ የጉድጓድ ውሃ እንደሚያፈላ አየና ግራ ገባው። ብላክን ጠየቀው፤ ብላክም ስለ ስውር ሙቀት ነገረው። በጊዜው የነበረው የእንፋሎት ሞተር ሲሊንደሩን ራሱን በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዞ፣ በሚቀጥለው ምት እንደገና ያሞቀው ነበር፤ ከሰሉ በከንቱ ያልቃል። ዋት በ1765 ማቀዝቀዣውን ከሲሊንደሩ ለይቶ ለብቻው አደረገው። የኢንዱስትሪ ዘመን ሞተር ከዚያ ተነሳ።

እትዬ፦ ለይቶ ማቀዝቀዝ ምን አዲስ ነገር አለው? ማሰሮውን ራሱን በውሃ የሚያቀዘቅዝ አረቄ አውጪ አይቼ አላውቅም።

መምህሩ፦ አዲስ የሆነው ለሞተር ነው። አውጪዎች ማሰሮውን ሞቃት፣ ቱቦውን ቀዝቃዛ ማድረግን ከዋት በፊት ለዘመናት ሲያውቁት ኖረዋል። የማያውቁት ለምን እንደሚያዋጣ በቁጥር ማስረዳት ነበር።

እትዬ፦ ድፍድፉን ኋላ እንመጣበታለን ብለህ ነበር። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ይፈላል ሲሉ እሰማለሁ። እንዲያ ከሆነ እሳቱን በሱ ልክ አድርጌ ውሃውን ሳልነካ አልኮሉን ብቻ ባወጣስ?

መምህሩ፦ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ንጹሕ አልኮል ባሕር ጠረፍ ላይ በ78፣ እኛ ዘንድ በ70 ገደማ ይፈላል። ግን ድፍድፉ ውስጥ አልኮሉ ለብቻው አልተቀመጠም፤ ሞለኪውሎቹ ከውሃው ጋር ተደባልቀው እየተሳሳቡ ነው። ስለዚህ ድብልቁ በ70 አይፈላም፤ እዚህ በ85 ገደማ መፍላት ይጀምራል። የሚወጣው እንፋሎትም ሁለቱንም ይዞ ነው፤ አልኮሉ ይበዛል እንጂ ብቻውን አይመጣም። አልኮሉ እየወጣ ሲሄድ ቀሪው ውሃ ይበዛበታል፤ መፍያውም ቀስ እያለ ወደ 90 ይጠጋል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ድፍድፍ ላይ እንደ ንጹሕ ውሃው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ እያዘገመ ይወጣል።

እትዬ፦ ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚወርደው ብርቱ፣ መጨረሻው ውሃ ውሃ የሚለው! እኔ እኮ እሳት ላይ ጠብ አድርጌ ካልነደደልኝ አቆመዋለሁ።

መምህሩ፦ ትክክለኛ መመዘኛ ነው። ተራውን መልሰው ሲጥዱት ዳግም አረቄ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሲገባ አልኮሉ የበዛ ስለሆነ ሲወጣ ይበልጥ ይበዛል። ደጋግመው ቢያወጡት እንኳ በመቶ 95 እና 96 መካከል ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ላይ የሚወጣው እንፋሎትና ማሰሮው ውስጥ ያለው እኩል ድብልቅ ስለሚሆኑ እሳት ብቻውን ሊለያቸው አይችልም።

እትዬ፦ እኔ እዚያ መድረስ አያስፈልገኝም፤ ያ ለመጠጥ ሳይሆን ለቁስል ነው። ግን ይህ ነገር ያለ እሳትስ አይሆንም? አረቄ እጄ ላይ ሲፈስ ይቀዘቅዘኛል፤ ከውሃም ይበልጥ።

መምህሩ፦ ይሆናል። ለመላቀቅ መፍላት ግድ አይደለም። ከፈሳሹ ገጽ ላይ ፈጣን የሆኑት ሞለኪውሎች ሁልጊዜ ያመልጣሉ፤ ጉልበቱን የሚወስዱት ካገኙት ነው፣ እዚህ ደግሞ ከእጅዎ። አልኮል ከውሃ ቶሎ ስለሚተን በአጭር ጊዜ ብዙ ሙቀት ይነጥቅዎታል። ሳጥን ውስጥ ለብል የሚያደርጉት ናፍታሊንም ፈሳሽ ሳይሆን ከጠጣር በቀጥታ ጋዝ እየሆነ ያልቃል። ተቃራኒውን ደግሞ በኅዳር ሌሊት ገብስዎ ላይ ያዩታል።

እትዬ፦ ውርጩን ነው?

መምህሩ፦ ውርጩን። ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ከዜሮ በታች ይወርዳል። አየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን ቅጠሉን ሲነካ ጠብታ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። አዝመራውን የሚያጠፋው ግን ከላይ የሚታየው ነጩ ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ ነው ጉዳቱ የሚደርሰው። ሰማዩ ደመና ከለበሰ ደመናው ሙቀቱን መልሶ ስለሚልክ ውርጩ ይቀራል።

እትዬ፦ ቁጥርህን ሰማሁ፤ አሁን ደግሞ ማገዶዬን አትርፍልኝ። ከዚህ ሁሉ ለኔ የሚረባኝ ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን የሚለኩት በማሰሮው ሳይሆን በበርሜሉ ነው። እሳት ሲበዛ ድፍድፉ አይሞቅም፤ እንፋሎት ብቻ ይበዛል። በርሜሉ ሊያረጋው ከሚችለው በላይ ከሆነ ሳይረጋ በቱቦው ጫፍ ያመልጣል።

እትዬ፦ ቤቱ ሁሉ አረቄ አረቄ ሲሸት ማለት ነው። ያ የሚሸተው ብሬ ነው። ግርጌውም ያርርና አረቄው ጢስ ጢስ ይላል።

መምህሩ፦ አዎን፤ እሳቱን ረጋ ያድርጉት። ሁለተኛው በርሜሉ ራሱ ነው። ሙቅ ውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይቀራል። እርስዎ ግን ሁሉንም ደፍተው እንደገና ይሞላሉ፤ ከሥር ያለውም ገና ሳይሞቅ ይደፋል። ከላይ ያለውን ትኩሱን ብቻ ቀድተው፣ አዲሱን በጎማ ከሥር ቢያስገቡ፣ ውሃውም ይቆጠባል፣ ቱቦውም ጫፉ ላይ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ያገኛል።

እትዬ፦ የሚቀዳውስ? ማገዶዬ እኮ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። 10,000 ነው ያልከው?

መምህሩ፦ 10,000 ኪሎጁል። ትላልቅ ፋብሪካዎች አይደፉትም፤ ቀጥሎ የሚጣደውን ያሞቁበታል። ሙሉውን መልሶ ማግኘት ግን አይቻልም፤ ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ብቻ ስለሚሄድ 45 ድግሪ የሆነ ውሃ ድፍድፍ ሊያፈላልዎት አይችልም። ለብ ሊያደርገው ግን ይችላል።

እትዬ፦ ለብታማ ያስፈልገኛል! በኅዳርና በታኅሣሥ ጥንስሴ በብርዱ ተኝቶ ነው የሚከርመው። ሰባት ቀን የሚበቃው አሥር ቀን አልፎም አይነሳም።

መምህሩ፦ ያኔ ጥንስሱን በዚሁ ውሃ ይበጥብጡት። ግን እንደወጣ አይደለም፤ ትኩስ ከሆነ እርሾውን ይገድላል። ከቀዝቃዛው ቀላቅለው እጅ ሲገባበት ለብ ያለ፣ 30 ድግሪ ገደማ ይሁን። ጋኑንም በገለባ ዙሪያውን ቢያለብሱት ለብታው አያመልጥም።

እትዬ፦ እንግዲያው የነገውን ጥንስስ በዚሁ እበጠብጠዋለሁ፤ አንዱን ጋን በዚህ፣ አንዱን እንደ ልማዴ በቀዝቃዛው። ቀድሞ የተነሳውን እናያለን። የሞቀው ቀድሞ ከተነሳ፣ ቁጥርህ ማገዶ ተክቷል ማለት ነው፤ ለጎረቤቶቼም እነግራቸዋለሁ። ካልተነሳ ደግሞ የሚቀጥለውን ፍልጥ የምትገዛው አንተ ነህ።